ልጁ ሳያነብ የሚያሸንፍበትን ጨዋታ አትጫኚ

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ዐረብኛ አስተምራለሁ። 2ኛ ክፍል ብቻ 48 ልጆች አሉኝ፤ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ እገባለሁ። ሰሌዳ ላይ ፊደል ስጽፍ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። እነዚሁ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግን ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ተራ ይዘው አገኛቸዋለሁ። ውጭ ሀገር የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ስድስት ታብሌት ስለላከልን ርዕሰ መምህሩ የፊደል ጨዋታ ጭኜ እንዳስተምርባቸው ነገሩኝ። ከእኔ በፊት ትምህርቱን ሲሰጡ የኖሩት ሸኽ ደግሞ "ዕውቀት በአደብ እንጂ በጨዋታ አይመጣም" ብለው ተቆጡ። ዐረብ ሀገር ሠርተው የተመለሱ እናቶችም "ልጄ የምናገረውን ዐረብኛ ስህተት ነው ይለኛል" እያሉ ይመጡብኛል። ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ? ከጀመርኩስ የትኛውን ጨዋታ?» ዑስታዛ ም.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ወዐለይኩም አሰላም እህቴ። ጀምሪ። ይቅር የሚያሰኝ ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ሸኹ የተቆጡበትን ነገር ግን አቅልለሽ አትለፊው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አስቀድሜ ስለ ምርጫው ልንገርሽ። «የዐረብኛ ፊደል ለልጆች» ብለሽ ብትፈልጊ የሚመጣልሽ ጨዋታ ተቆጥሮ አያልቅም። አብዛኛው ግን ፊደል የተለጠፈበት ሌላ ጨዋታ ነው። ፊኛ ብቅ ይላል፣ ፊኛው ላይ ጂም ተጽፏል፣ ልጁ በጣቱ ያፈነዳዋል፣ ኮከብ ይሰጠዋል። ፊኛው ላይ ያለው ዳል ቢሆን፣ ምንም ባይጻፍበትም ያፈነዳው ነበር። ብዙ ፊኛ አፈንድቶ አንድ ፊደል ሳይዝ ይነሣል፤ ያየው ሁሉ ግን ዐረብኛ ሲያጠና የዋለ ይመስለዋል። ስለዚህ ታብሌቶቹን ክፍል ከማስገባትሽ በፊት አንዱን ይዘሽ ቤት ግቢ። ዐረብኛ ጭራሽ የማያውቅ ሰው ፈልጊ፣ ድምፁን አጥፊና አጫውቺው። በግምት ወይም በፍጥነት ብቻ ሦስት አራት ደረጃ ካለፈ ጨዋታውን አጥፊው። ለማሸነፍ የግድ ፊደሉን ማወቅ የሚጠይቀውን፣ ካላወቁ ወደፊት የማያስኬደውን አስቀሪ። ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ትይዢ ከሆነ ይህንን ያዢ።

ሌላም የምታዪው አለ። ዐረብኛ በማያውቁ ሰዎች የተሠሩ አንዳንድ ጨዋታዎች ላይ ፊደሎቹ መያያዝ ሲገባቸው ተነጣጥለው፣ አልፎ አልፎም ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው ይታያሉ። አንቺ በአንድ እይታ ትለይዋለሽ፤ የ8 ዓመት ልጅ ግን ያየውን እንደ ትክክል ይይዘዋል። ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) የሌለበትን ጨዋታም ለጀማሪ አትስጪ። ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ካልተደረገበት ልጁ ቃሉን ከዚህ በፊት ስለሰማው ያስታውሰዋል እንጂ አነበበው አይባልም።

ስም ጥሪልኝ ካልሽ ሁለት እጠራልሻለሁ። በሶሪያ ጦርነት ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ሲቀሩ የኖርዌይ የልማት ድርጅት ኖራድ ከአጋሮቹ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ውድድር አወጣ። ውድድሩ በስልክ የሚሠራና ዐረብኛ ማንበብ የሚያስተምር ጨዋታ ለሚሠሩ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ያሸነፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው «አንቱራ» ይባላል፤ ፊደሎቹ እግር አውጥተው የሚሮጡበት፣ አንቱራ የተባለ ውሻ የሚረብሻቸው፣ ልጁ ደግሞ የሚሰበስባቸው ጨዋታ ነው። ሁለተኛው በዐረብኛ «ኢጥዒም አል-ወሕሽ» ይባላል፣ ጭራቁን አብላው እንደ ማለት። ልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ከፊቱ ካሉት ፊደሎች ትክክለኛውን ወደ ጭራቁ አፍ ይጎትታል። ከሳተ ጭራቁ አይበላለትም፤ ካገኘው ይበላል፣ ያድጋል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለአንቺ ክፍል በሁለተኛው ብትጀምሪ እመርጣለሁ፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅብሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እነዚያ ጨዋታዎች የተሠሩት እናቱ በዐረብኛ እሹሩሩ እያለች ላሳደገችው ልጅ ነው። የሶሪያው ልጅ ባ፣ አሊፍ፣ ባ ብሎ ሲያያይዝ ከአፉ የሚወጣው «ባብ» የቤቱ በር ነው፤ ገና ሳይጨርሰው ትርጉሙ ይመጣለታል። የኮምቦልቻው ልጅ ያንኑ «ባብ» በትክክል አንብቦ ምን እንዳነበበ አያውቅም። ደረጃ ያልፋል፣ ጭራቁን ያሳድጋል፣ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ጨዋታው ይህን ክፍተት አይሞላልሽም፤ የምትሞዪው አንቺ ነሽ። ታብሌቱ ከመከፈቱ በፊት በዚያ ሳምንት የሚያገኟቸውን ቃላት በዕቃ፣ በሥዕልና በእንቅስቃሴ አስይዣቸው። በሩን እየከፈትሽ «ባብ»፣ ደብተሩን አንሥተሽ «ደፍተር» በይ። ከአማርኛችን የሚቀራረቡትን አስቀድሚ፤ በይት፣ ዐይን፣ ረእስ፣ ሰማእ፣ ኢስም፣ ዘይት፣ ሱከር የሚሉትን ለማስረዳት ብዙ አትደክሚም። ከመስጂድና ከቤት የሚያውቋቸውም አሉ፤ ኪታብ፣ ሰላም፣ ኑር። ልጁ የሚያውቀውን ቃል ራሱ አንብቦ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የምታዪው ደስታ ከኮከቡ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የወሎን አንድ ሀብት ባስታውስሽ ደስ ይለኛል። እንደ ሸኽ ጠልሓ ጃዕፈር ያሉ የሀገራችን ዑለማዎች አማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ ዐጀም የምንለው እሱ ነው። አንቺም ከጨዋታው በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን ስም፣ «ቦርከና»ን፣ «ደሴ»ን፣ «እናቴ»ን በዐረብኛ ፊደል እንዲጽፉና የጓደኛቸውን እንዲያነቡ አድርጊ። ትርጉሙን ቀድመው ስለሚያውቁት ፊደሉን በእርግጥ አንብበውት እንደሆነ ወዲያው ትለያለሽ። በግምት የሚያነብ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ጨዋታው ከአንቺ የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ልቀቂለት። የእኛ ልጅ ያደገው በአማርኛ ፊደል ነው፤ «ሀ» መጀመሪያ ላይ ቢመጣ መጨረሻ ላይ ያው «ሀ» ነው። የዐረብኛው 28 ፊደል ግን እንደየቦታው መልኩን ይለዋውጣል፤ ዐይንን በመጀመሪያ፣ በመሐል፣ በመጨረሻና ለብቻው ሲጻፍ ያየ ልጅ አራት የተለያየ ፊደል ቢመስለው አይፈረድበትም። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው ደግሞ ከሚከተላቸው ፊደል ጋር አይያያዙም። ባ፣ ታና ሣ አካላቸው አንድ ሆኖ በነጥብ ብቻ ይለያሉ። ይህ ሁሉ መቶ ጊዜ መታየት ይፈልጋል። አንቺ ለ48 ልጅ መቶ ጊዜ ማሳየት አትችዪም፤ ሳይሰለች ሊያሳይ የሚችለው ታብሌቱ ነው።

ጆሮም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን በዓይን እንለያለን እንጂ አንደበታችን አንድ አድርጎ ነው የሚጠራቸው። በዐረብኛ ግን «ዐሊም» ዐዋቂ ሲሆን «አሊም» የሚያሳምም ነው፤ «ሐረም» የተከበረ ስፍራ፣ «ሀረም» ፒራሚድ ነው። ልጁ ልዩነቱን ለመጥራት መጀመሪያ መስማት አለበት። ስድስት ታብሌት በአንድ ክፍል ሲጮህ ደግሞ ማንም ማንንም አይሰማም። ለእያንዳንዱ ታብሌት አንድ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ግዢ፤ ሁለት ልጆች አንድ አንድ ጆሮ ይካፈሉት። ሙዚቃውን ከንባቡ ለይቶ ማጥፋት የሚቻልበት ጨዋታ ካገኘሽ ሙዚቃውን አጥፊው፤ ልጁ ድምፁን በጥራት ይሰማል፣ ሙዚቃ የማይወድ ወላጅም ቅሬታ አይኖረውም።

ወደ ሸኹ ልምጣ። ሸኹ የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ዐረብኛን የሚማረው ነገ ቁርአን ሊያነብበት፣ ኪታብ ሊቀራበት ነው፤ ትምህርቱ እንደ ቧልት ከተያዘ ፊደሉ ቢገባውም አደቡ ይጎድላል። ስለዚህ አንድ ወሰን አብጂና ለሳቸውም ለወላጆችም አስታውቂ፦ የቁርአን አያ ጨዋታው ውስጥ አይገባም። አያ እየወደቀ ልጅ የሚተኩስበት፣ ሲሳሳት የሚጮህበት ጨዋታ ዐይተሽ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ክፍልሽ አታስገቢ። ጨዋታው ለፊደል፣ ለድምፅና ለዕለት ቃላት ብቻ ይሁን። ቁርአን በውዱእ፣ በኪታቡ፣ በዑስታዝ ፊት ይቀራ።

ከዚያ በኋላ ሸኹን ስለ ራሳቸው ልጅነት ጠይቂያቸው። ቁርአን ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ሉሕ (የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ) ነበረው። የየራሱን ትምህርት ይጽፋል፣ ዑስታዙ ፊት ቀርቦ ያነባል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፤ ትምህርቱን ሳይዝ ሉሑ ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም። ፈጣኑ ይሄዳል፣ ዘገምተኛው በአቅሙ ይከተላል። ዛሬ 48 ልጅ አንድ ሰሌዳ ፊት ስናስቀምጥ ያ ሥርዓት ጠፋብን፤ ሁሉም በአንድ ላይ «ባ» ይላል፣ ማን እንደገባው ማን ጓደኛውን እንደተከተለ አይታወቅም። ደኅና የተሠራ ጨዋታ ልጁን በአቅሙ ያስኬደዋል፣ እዚያው ያርመዋል፣ ሳይዝ አያሳልፈውም። ይህን ስትነግሪያቸው ለመርታት ብለሽ አይሁን፤ እውነት ስለሆነ ንገሪያቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ሸኹ የሚፈሩት ስድነቱን ነው፤ ክፍልሽ ሥርዓት እንዳለው መጥተው ሲያዩ ፍርሃታቸው ይቀንሳል።

ከዚህም አልፎ የሥራው ባለቤት አድርጊያቸው። «ስክራች» የሚባል ልጆች ራሳቸው ጨዋታ የሚሠሩበት ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛም ዐረብኛም አለው፣ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሸኹ 28ቱን ፊደል በእጃቸው ይጻፉልሽ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ድምፃቸውን ቅረጪ፤ እያንዳንዱን ፊደል በሦስቱ ሐረካ። ድምፁ ሲሰማ ትክክለኛውን ፊደል የሚያስነካ ቀላል ጨዋታ ለመሥራት የኮምፒዩተር መምህሩ ካገዘሽ ብዙ አይፈጅባችሁም። ልጆቹም ዐይንንና ሓን የሚለማመዱት ነገ ፊታቸው ቀርበው በሚያነቡላቸው ሰው አንደበት ይሆናል።

ስለ እናቶቹ የጻፍሽው አሳዝኖኛል። ጂዳ ወይም ቤይሩት ለፍታ የተመለሰች እናት በላቧ ያገኘችው ቋንቋ ልጇ ፊት መናቅ የለበትም። ልጆቹን አስረጃቸው፦ በዐረብ ሀገርም ልጁ ቤት ውስጥ ዐሚያ (የአፍ ዐረብኛ) ይናገራል፣ ትምህርት ቤት ፉስሓ (የመጽሐፍ ዐረብኛ) ይማራል፤ አንዱ ሌላውን ስህተት አያደርገውም። እናቱ «ሹፍ» ስትል መጽሐፉ «ኡንዙር» ይላል፤ ሁለቱም ተመልከት ነው። ግድግዳው ላይ የቤትና የመጽሐፍ ዐረብኛ ብለሽ ሁለት ዓምድ ለጥፊ፤ ልጆቹ ከእናታቸው አንድ አንድ ቃል ይዘው ይምጡ። የሚችሉትን እናቶች ክፍል ጋብዢና ከልጆቹ ጋር ገበያ ያጫውቱልሽ፤ ዋጋ መጠየቅና መከራከር የሚችሉበት እነሱ ናቸው። በዲሽ ልጆቻቸውን ቴሌቪዥን የሚያሳዩ ካሉም «ስፔስቱን» ላይ የሚታዩት የልጆች ፊልሞች በአብዛኛው በፉስሓ እንደሆኑ ንገሪያቸው፤ ለመጽሐፉ ዐረብኛ ጆሮ ያስለምዳል።

ክፍሉን እንዲህ አደራጂው። 48ቱን በአራት ቡድን ክፈያቸው፤ 12 ልጅ ለስድስት ታብሌት፣ ሁለት ሁለት ሆነው። አራት ክፍለ ጊዜ ስላለሽ ለእያንዳንዱ ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል። አንድ ቀን ያንሳል ብለሽ አትጨነቂ፤ 40 ደቂቃ ሙሉም አታጫውቺ፣ 15 ይበቃል። ሁለቱ ልጆች ሲቀመጡ አንዱ ይነካል፣ ሌላው ከመነካቱ በፊት የፊደሉን ድምፅ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። እንዲህ ካልሆነ ፈጣኑ ይጫወታል፣ ሌላው ያያል። የቀሩት 36 በዚያ ሰዓት ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የተጫወቱትም ሲጨርሱ የተጫወቱባቸውን ፊደሎች በእርሳስ ይጻፉ። ጣት መስታወት ላይ መንካት እጅን መጻፍ አያስተምርም፤ ከቀኝ ወደ ግራ መሄድን የሚለምደው እርሳስ የያዘ እጅ ነው።

የታብሌቱን አከፋፈት በማስረዳት ጊዜ አታጥፊ። በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ተሰጥቶ ነበር። ማንም ሳያሳያቸው ከፈቱት፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙርም ያዙ። የአንቺዎቹማ ፕሌይስቴሽን የለመዱ ናቸው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ጨዋታዎቹን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዱ ታብሌት ላይ አውርጂና ወደ ሌሎቹ በዜንደር አስተላልፊ፤ ክፍል ውስጥ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ። ነፃ የሚባሉ ብዙ ጨዋታዎች ማስታወቂያ ይዘው ይመጣሉ፣ ለልጅ የማይገባ ነገርም አብሮ ይመጣል። መብራት የሚጠፋበትን ቀን ታውቂዋለሽና ማታ ቻርጅ አድርጊ፤ ያም ካልሆነ የዚያን ቀን ትምህርት በወረቀት ካርድ የምትሰጪበት ዝግጅት ይኑርሽ። ወላጆች «ዱዎሊንጎ እንጫን ወይ» ቢሉሽ ዐረብኛውን በአማርኛ እንደማያስተምር፣ በእንግሊዝኛ በኩል እንደሚሄድ ንገሪያቸው፤ ለ2ኛ ክፍል ልጅ በሁለት ተራራ ላይ መውጣት ነው። ለቤት የጨዋታ የቤት ሥራም አትስጪ። ዘመናዊ ስልክ የሌላት እናት አለች፤ በፋብሪካ ፈረቃ ማታ የምትገባም አለች፤ የሷ ልጅ ከጓደኞቹ ወደኋላ መቅረት የለበትም።

ታብሌቱን ለሽልማትም ለቅጣትም አትጠቀሚበት። «ያጠፋ አይጫወትም» ካልሽ መጀመሪያ የሚቀጣው ያ የሚያንቀላፋው ልጅ ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሥሪ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጥሪና 28ቱን ፊደል ተዘበራርቀው ከተጻፉበት ወረቀት አስነብቢው፤ ቀጥሎ ሐረካ ያላቸውን አሥር ቃላት አስነብቢና ትርጉማቸውን ጠይቂው። ውጤቱን በስሙ ትይዩ ጻፊ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘሽ እንደገና ጥሪው። ጨዋታው ላይ ስንተኛ ደረጃ እንደደረሰ አትጠይቂው፤ ወረቀቱን ያንብብልሽ። ሁለቱን ውጤት ለርዕሰ መምህሩም ለሸኹም አሳዪ። ፊደሉ ጨምሮ ትርጉሙ ባለበት ከቆመ የቃላት ሥራሽን አጠንክሪ፤ ሁለቱም ካልጨመሩ ጨዋታውን ቀይሪ። በሌላውም ካልሆነ ታብሌቶቹን ለሚጠቅማቸው መምህር አስተላልፊና የ15 ደቂቃውን ጊዜ ልጆቹን አንድ በአንድ ለማስነበብ ተጠቀሚበት።